ሰፈሩ «ዶክተር» ይለኛል፤ እኔ ግን ተጠባባቂ ነኝ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዓምድዎን ከእናቴ ጋር ነው የማነበው። ይህን ደብዳቤ ግን የምጽፍልዎ እሷ ሳታውቅ ነው።

ሃያ ዓመቴ ነው። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። አባቴ የጭነት አይሱዙ አለው፤ ከሞጆና ከአዳማ ዕቃ ያመላልሳል። እናቴ ቤት ውስጥ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች ትሸጣለች። ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ አሥረኛ ክፍል ነው።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ጎረቤታችን «ይቺ ልጅማ ዶክተር ናት» አሉ። ከዚያ ወዲህ በብሎካችን ስሜን የሚጠራ ሰው የለም። ባለሱቁ «ዶክተር፣ ዳቦ ስንት ልስጥሽ?» ይለኛል። ደም ግፊታቸውን ተለክተው የሚመጡ እናቶች ወረቀቱን እንዳየው ያመጡልኛል። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

በ2017ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ600 481 አመጣሁ። የዚያን ቀን ቤታችን የሠርግ ቤት ነበር የሚመስለው። ክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ደረሰኝና ፍሬሽማን፣ የመጀመሪያ ዓመቱን የጋራ ትምህርት፣ ተማርኩ። ዲፓርትመንት ስንሞላ ሜዲስንን አንደኛ አደረግኩ። ጂፒኤዬ 3.64 ነው፤ አልበቃም። ሁለተኛ ምርጫዬ የነበረው ጤና መኮንን ደረሰኝ።

እዚህ አዲስ አበባ አንድ የሕክምና ኮሌጅ በራሱ ፈተና እንደሚቀበል ሰምቼ እዚያም አመልክቼ ነበር። ውጤቱ ሲለጠፍ ስሜ ከዋናው ዝርዝር ሥር፣ «ተጠባባቂ» ከሚለው በታች 11ኛ ላይ ነው። «ከዋናዎቹ የማይመዘገብ ካለ እንጠራለን፤ ስልካችሁ ክፍት ይሁን» ተባልን። ይኸው እስከ ዛሬ የጠራኝ የለም። ቴሌግራም ላይ የተጠባባቂዎች ግሩፕ ከፍተን ሌሊቱን እሱን ሳይ አነጋለሁ። አንዱ «አምስት ሰው ጠሩ» ይላል፤ ሌላው «ማን አባቱ ነው ያለው?» ይላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ሰሌዳው ላይ ስሜን እንዳየሁ ለእናቴ ደውዬ «ወጥቷል» ስላት ቀሪውን ሳልጨርስ እልል አለች። ማታ ሳስረዳት ገባት፤ ግን እስከዚያ ለእድር ሴቶች ተናግራ ነበር። በሳምንቱ ድፎ ዳቦ ተደፍቶ፣ ቡና ተፈልቶ «እንኳን ደስ አላችሁ» ተባልን። አንዷ ጎረቤታችን ስቴቶስኮፕ ገዝተው በነጠላ ጠቅልለው ሰጡኝ። እናቴ «ዝም በዪ፤ እስኪጣራ ይጠሩሻል» አለችኝ። አሁን ሰው «መቼ ነው የምትገቢው?» ሲለኝ መልስ የለኝም። ሱቅ የምሄደው በብሎኩ ጀርባ ዞሬ ነው።

አባቴ «አይሱዙዋን ሸጬ የግል ኮሌጅ አስገባሻለሁ» ይላል። አጎቴ ደግሞ ሬጅስትራር ውስጥ ሰው እንዳለውና ብር ከተገኘ ቁጥሬን ከፍ እንደሚያስደርግ ይናገራል። ጓደኛዬ «ሁሉንም ተዪውና በግል ተፈታኝነት እንደገና ተፈተኚ» ትለኛለች። የዩኒቨርሲቲዬ ምዝገባ በሚቀጥለው ሳምንት ያልቃል። ምን ይሻለኛል?

ተጠባባቂዋ፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ

ልጄ፣ የምዝገባው ቀን የሚጠብቀን ስላልሆነ ከእሱ ልጀምርና የልብሽን ነገር ኋላ እናውጋ። ሂጂና ተመዝገቢ።

«ከተመዘገብኩማ ተስፋ ቆረጥኩ ማለት ነው» ብለሽ የፈራሽ ይመስለኛል። አልጻፍሽውም፤ ግን ምዝገባውን ከደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ፣ ከሁሉ በኋላ ነው ያነሳሽው። ተመዝግቦም መጠበቅ ይቻላል። ኮሌጁ ከጠራሽ ከዩኒቨርሲቲሽ በሥርዓቱ የዊዝድሮዋል ፎርም ሞልተሽ፣ ክሊራንስ ጨርሰሽ ትወጫለሽ። ሳትመዘገቢ ቀርተሽ ኮሌጁም ዝም ካለ ግን ዓመቱን ቤት ትውያለሽ፤ የቤቱም ሁኔታ እንደነገርሽኝ ለመዋል የሚመች አይደለም። ስትመዘገቢ ሬጅስትራሩን ሁለት ነገር ጠይቂልኝ። ትምህርት ከተጀመረ በኋላ እስከ መቼ ድረስ በፈቃድ መውጣት ይቻላል? ወጥቼ ልመለስ ብል ቦታዬ ይጠበቅልኛል? ደንቡ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ስለሚለያይ መልሱን ከግሩፕ አትስሚ፣ ከመስኮቱ ስሚ። የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬትሽንና የፍሬሽማን ውጤትሽን ኮፒ አድርገሽ አንዱን እናትሽ ጋ ተዪ። ድንገት ከተጠራሽ አንቺ ክፍለ ሀገር፣ ወረቀቱ አዲስ አበባ፣ ወይም የተገላቢጦሽ እንዳይሆን ነው።

አሁን ወደ ተጠባባቂው ዝርዝር እንምጣ። ቱሉ ዲምቱ የታክሲ ሰልፍ ላይ 11ኛ ብትሆኚ አትጨነቂም ነበር፤ ሚኒባስ ስንት ሰው እንደሚጭን ታውቂያለሽ። እዚህ ግን የሚመጣው መኪና ስንት ወንበር እንዳለው፣ ጭራሽ ይመጣ እንደሆነም የነገረሽ የለም። እንቅልፍ የነሳሽ ይህ አለማወቅ ይመስለኛል። ስለዚህ ወደ ክፍለ ሀገር ከመሄድሽ በፊት አንድ ጠዋት ኮሌጁ ድረስ ሂጂ። በስልክ አይሆንም፤ በስልክ «ጠብቂ» ብቻ ነው የሚሉሽ። ከዋናው ዝርዝር ስንቱ እንደተመዘገበ፣ ስንት ወንበር ክፍት እንደሆነ፣ እስከ አሁን ከተጠባባቂ ስንተኛው ድረስ እንደተጠራ፣ አምናስ እስከ ስንተኛው ድረስ እንደደረሰ ጠይቂ። የመጨረሻውን ቀን ደግሞ በግልጽ አስነግሪያቸው፦ ከዚህ ቀን በኋላ ማንም አይጠራም የሚባልበት ቀን የትኛው ነው?

ይህ የመጨረሻ ቀን መኖሩ አይቀርም። ዝርዝሩ የሚንቀሳቀሰው በዋናዎቹ ምዝገባ ሰሞን ነው። ከአንቺ በላይ ካሉት አንዱ ሌላ ቦታም ደርሶት ወደዚያ ይሄዳል፤ አንዱ ክፍያው ያቅተዋል፤ አንዱ ውጭ አገር ዕድል ያገኛል፤ አንዱም ያው እንዳንቺ ሁለት ቦታ ይዞ ሲያመነታ ቆይቶ ይቀራል። ክፍል ከተጀመረና አናቶሚው ከገፋ በኋላ ግን ኮሌጁ ራሱ አዲስ ሰው ማስገባት አይፈልግም፤ ያ ሰው መድረስ ያቅተዋል። ቀኑን ከነገሩሽ ካላንደር ላይ ምልክት አድርጊበት። ካልነገሩሽ ራስሽ ወስኚ፤ የዩኒቨርሲቲሽ በፈቃድ የመውጫ ጊዜ የሚያበቃበትን ቀን ብትይዢ ይመቻል። ከዚያ ቀን በኋላ ቢደውሉ እንኳ መልሱ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ትምህርት ላይ ነኝ» ይሆናል። ይህን መወሰን ያማል፤ ሆኖም ካልወሰንሽ ሙሉውን ሴሚስተር አንድ ዓይንሽ ስልኩ ላይ ሆኖ ጤና መኮንኑንም ሳትማሪው ይቀራል።

ሌላም የማነሳው አለ። ማመልከቻው ላይ የሞላሽው የማንን ስልክ ነው? ብዙ ልጆች የአባታቸውን ይሞላሉ። አባትሽ በፍጥነት መንገዱ ላይ መሪ ይዞ ሳለ ከማያውቀው ቁጥር ቢደወል አንስቶ የሚያወራ ይመስልሻል? አያንሳም ደግሞ፣ በሰላም ቤቱ መግባት አለበት። የእሱ ከሆነ የአንቺንና የእናትሽን ጨምሩልኝ በያቸው። አንዳንድ ቦታ ሁለት ጊዜ ደውለው ካልተነሳ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ።

አጎትሽን በሚመለከት አጭር ነገር ነው ያለኝ፤ አይሆንም። ሰውየው እውነት ሬጅስትራር ውስጥ ካለ ከአንቺ በላይ ያሉ የአሥር ልጆችን ዕድል እየሸጠላችሁ ነው፤ ከሌለ ደግሞ ገንዘባችሁን ይዞ ስልኩን ይዘጋል። በዚህ መንገድ የገባ ስም ሲጣራ የሚሠረዘው ተማሪው ነው፤ ደላላው አይደለም። አጎትሽ የሚወድሽ ስለሆነ ነው፤ «አመሰግናለሁ፣ ግን በስሜ እንዳትሞክር» ብለሽ ፊት ለፊት ንገሪው። ሳትነግሪው ዝም ካልሽ እንደ እሺታ ሊወስደው ይችላል።

3.64 አምጥተሽ «አልበቃም» ስትይ በድምፅሽ ውስጥ እፍረት ሰማሁ። እስቲ አንድ ቁጥር ልንገርሽ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በአገሪቱ ሁሉ 27,267 ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. 36,409 ሆኑ። በአንቺ ዓመት፣ በ2017፣ ከተፈተኑት 585,882 ተማሪዎች 48,929ኙ አለፉ። የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎችም እዚህ ውስጥ ስላሉ ሁሉም ሜዲስን ፈላጊ አይደለም፤ ቢሆንም በሁለት ዓመት ውስጥ የአላፊው ቁጥር ወደ እጥፍ ተጠጋ ማለት ነው። በሬሜዲያል፣ በማካካሻው ትምህርት፣ አልፈው ፍሬሽማን የሚቀላቀሉት ደግሞ ሌላ ናቸው። የሕክምና ወንበር በዚህ ፍጥነት አይጨምርም። ሜዲስን ለማስተማር አዳራሽና ፕሮጀክተር አይበቃም፤ የታካሚ አልጋ፣ የአናቶሚ ክፍል፣ ተማሪውን ከአልጋ አልጋ ይዞ የሚዞር ስፔሻሊስት ይፈልጋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ስለሚሰጥ፣ ጥሩ ውጤት ያለው ልጅ ሁለት ሦስት ቦታ አመልክቶ ሁለት ሦስት ዝርዝር ላይ ስሙ ይገኛል። ለዚህ ነው ዝርዝሮቹ የሚረዝሙት፤ ለዚህም ነው የሚንቀሳቀሱት። ከመቶ ተፈታኝ ስምንት ያህሉ ብቻ ባለፉበት ፈተና 481 ያመጣች ልጅ በጀርባ በር ወደ ሱቅ የምትሄድበት ምክንያት አይታየኝም።

ወደ ጀርባው በር ያስገባሽ ግን ውጤቱ አይደለም፤ ቡናው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

እናትሽ ውሸታም አይደለችም። ዓመታት ሙሉ በርበሬ ስትቀነጥስ፣ ሽሮ ስታስፈጭ ኖራ ጆሮዋ ሊሰማ የሚፈልገውን ቃል ሰማች፤ የቀረውን ሳትሰማ እልል አለች። ማታ ሲገባት ደግሞ እልልታ እንዴት ይመለሳል? ለእድር ሴቶች በማግስቱ «ተሳስቼ ነው» ማለት ከባድ ነው፤ በሳምንቱ ዳቦ ተደፍቶ ካመጡ በኋላ ደግሞ የበለጠ ይከብዳል። በየቀኑ እየከበደ ነው የሚሄደው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል፤ ይህኛው ግን እያደር እስኪጠራ ባይጠበቅ ይሻላል። ከእድሩ ሴቶች የአንዷ ልጅ እዚያው ኮሌጅ ቢኖርስ? ከሰው አፍ ከሚሰሙት ከእናትሽ አፍ ቢሰሙት ለእሷ የሚቀልላት አይመስልሽም?

ስለዚህ መጀመሪያ ከእናትሽ ጋር ብቻችሁን ተቀመጡ። አባትሽም ወንድምሽም የሌሉበት ሰዓት ይሁን። «ለምን ነገርሽ?» ብለሽ አትጀምሪ፤ ያኔ ራሷን ለመከላከል ትሄዳለች። «እማዬ፣ ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል? እኔ መልስ አጥቻለሁ» ብለሽ ጀምሪ። መልሱን አብራችሁ ፈልጉ። ምናልባት ታለቅስ ይሆናል፤ ታልቅስ። ከዚያ «ሰው ቢያውቅ ምን ይሆናል ብለሽ ነው የምትፈሪው?» ብለሽ ጠይቂያት፤ መልሷን ሳታቋርጪ ስሚ። ምናልባት የምትፈራው ለራሷ ላይሆን ይችላል። አንቺን እንዳይስቁብሽ ነው የምትፈራ ከሆነ፣ አንቺ እንደማትሰበሪ ማየት ይበቃታል።

ሁለታችሁም የምትሉት አንድ ዓይነት ይሁን። እኔ ብሆን እንዲህ እላለሁ፦ «ስሟ ተጠባባቂ ውስጥ ነው። እስኪጠሩ ዩኒቨርሲቲዋ ጤና መኮንን እየተማረች ነው።» ሙሉ እውነት ነው፤ ይቅርታ መጠየቅ የለበትም፣ ረጅም ማብራሪያ የለበትም። ለእድሩ ሴቶች የምትናገረው እናትሽ ትሁን፤ በሚቀጥለው ቡና ላይ፣ በጨዋታ መሃል። አንቺ አብረሽ ተቀመጪ እንጂ ጓዳ አትግቢ። አንዳንዷ «ውይ!» ትላለች፤ አንዳንዷ ወዲያው ስለራሷ ልጅ ታወራለች። ሌላዋ «ተጠባባቂ ማለት ያው ገባች ማለት አይደለም እንዴ?» ብላ ልታጽናና ትሞክራለች፤ እሷን አታርሚያት። ሰው ስለሌላ ሰው ልጅ የሚያስበው እኛ እንደምንፈራው ያህል ረጅም ጊዜ አይደለም።

ስቴቶስኮፑን የሰጡሽን እናት ግን ቀድመሽ ራስሽ ሂጂላቸው። ከሌላ ሰው ሰምተው «ስጦታዬን በውሸት ተቀበለችኝ» እንዳይሉ። ልመልስልዎ ግን አትበዪ፤ ይከፋቸዋል፣ ደግሞም አያስፈልግም። ጤና መኮንን በስቴቶስኮፕ ነው የሚሠራው። ይህንኑ ንገሪያቸው።

«ዶክተር» የሚለውን ስም በተመለከተ አንድ ጥያቄ አለኝ። ለእኔ አትመልሺልኝ፤ ለራስሽ ነው። በሰባተኛ ክፍል ያ ስም ባይወጣልሽ ኖሮ ዛሬ ሜዲስን ትመርጪ ነበር? የምትወጂው ምኑን ነው? ሰው መርምሮ በሽታውን ማግኘቱን ነው? ቀዶ ሕክምናውን? ነጭ ጋውኑን? እናቶቹ ወረቀታቸውን ይዘው ወደ አንቺ ሲመጡ የሚሰማሽን ነው? ማናቸውም መልስ አያሳፍርም። መልሱ ግን ቀጥሎ በምናወራው ላይ ለውጥ ያመጣል።

ምክንያቱም ጤና መኮንን የተጣለ ምርጫ አይደለም። በአገራችን ሙያው ከ1940ዎቹ፣ ከጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጀምሮ የቆየ ነው። ጤና ጣቢያ ሄደሽ ተመላላሽ ክፍል የሚመረምርሽ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጤና መኮንን ነው። ከ2002 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ ጤና መኮንኖች በድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና በማዋለድ የማስተርስ ትምህርት እየወሰዱ፣ ስፔሻሊስት በሌለባቸው የገጠር ሆስፒታሎች እናቶችን በቀዶ ሕክምና ያዋልዳሉ። የምትወጂው መርምሮ ማከሙን ከሆነ ይህ መንገድ ከምትወጂው አያርቅሽም። በ2004 ዓ.ም. በ13 ተቋማት የተጀመረ፣ ዲግሪ ያላቸውን የጤናና የተፈጥሮ ሳይንስ ምሩቃን ለሕክምና ዶክትሬት የሚቀበል መርሃ ግብርም ነበር። እንዲህ ያለው በር ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ አንቺ ስትመረቂ ክፍት ይሆናል ብለሽ አትደገፊበት። ተከፍቶ ካገኘሽው ግን ጥሩ ውጤት ያላት ምሩቅ ሆነሽ መድረስሽ ይጠቅምሻል።

ክፍለ ሀገር ከመሄድሽ በፊት ሰፈራችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ገብተሽ አንድ ጤና መኮንን አነጋግሪ። ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም ከእናንተ ሩቅ አይደለም፤ እዚያ አንድ ኢንተርን ወይም ወጣት ሐኪም ለአሥር ደቂቃ ብታገኚ ሁለቱንም ወገን ትሰሚያለሽ። ቀናችሁ ምን ይመስላል? ሌሊትስ? ደመወዙስ? ብለሽ ጠይቂ። ሐኪሞቹም የሚነግሩሽ ሁሉ ጣፋጭ እንዳይመስልሽ። ድሮ ሐኪም ሲመረቅ ጤና ሚኒስቴር ዕጣ አውጥቶ ይመድበው ነበር፤ ዛሬ ተመርቀው ቅጥር የሚፈልጉ አሉ። በ2017 ግንቦት የጤና ባለሙያዎች በደመወዝ ጥያቄ ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸውን አንቺም ሰምተሻል። ይህን የምልሽ ሜዲስንን ላስጠላሽ ፈልጌ አይደለም። ቤታችሁ ውስጥ የሚወራው ሜዲስንና በብሎካችሁ የሚወራው ሜዲስን ሥራው ያለበት ሜዲስን አይመስለኝም፤ አባትሽ መኪናውን ከመሸጡ በፊት እውነተኛውን ቢያየው እወዳለሁ።

አባትሽ «እሸጣለሁ» ሲል ምን እያለሽ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ከዚህ በላይ ምን እንደሚልሽ አላውቅም። ስለዚህ መጀመሪያ አመስግኚው። ቀጥለሽ ሒሳቡን አብራችሁ ሥሩት፣ በወረቀት። አይሱዙዋ አንድ ጊዜ ነው የምትሸጠው። ክፍያው ግን ስድስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሚቆይ ነው፤ በየዓመቱም እየጨመረ ሊሄድ ይችላል። መኪናዋ ከሄደች ከሁለተኛው ዓመት በኋላ የሚከፈለው ከየት ነው? የወንድምሽ ትምህርትስ? አሥረኛ ክፍል ነው ብለሻል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ እሱም ተራው ነው፣ ማንም ስሙን አላነሳም። ኮሌጁን ሄዳችሁ ስትጠይቁ የሴሚስተሩን ሳይሆን እስከ ምረቃ ያለውን ጠቅላላ ክፍያ፣ በየዓመቱ የሚጨምርበትን ደንብ፣ ተማሪዎቹ ክሊኒካል ልምምድ የሚወጡበትን ሆስፒታል ጠይቁ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የሕክምና ምሩቅ ለመሥራት የብሔራዊ የብቃት ምዘና ፈተናውን ማለፍ አለበት፤ ከተመራቂዎቹ ስንቱ እንዳለፈ ጠይቁ። መልስ ለመስጠት የሚያንገራግር ኮሌጅ መልስ ሰጥቷችኋል። የሕክምና ፕሮግራሙ ፈቃዱ የታደሰ መሆኑን ደግሞ ከራሱ ከኮሌጁ ሳይሆን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሩ። በእኔ ፍርድ፣ የቤቱ እንጀራ መኪናዋ ከሆነች አትሸጥ። ከመኪናዋ ገቢ ተቀንሶ የሚከፈል ከሆነና ሒሳቡ ከሞላ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ እናንተ ትወስናላችሁ።

ግሩፑን ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ድምፁን አጥፊው። ኮሌጁ በሌሊት አይደውልም። ጠዋት አራት ሰዓትና ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ብታዪው የሚያመልጥሽ የለም። እንቅልፉ ከተመለሰ ጥሩ፤ ሁለት ሦስት ሳምንት አልፎም እንቅልፍና ምግብ እንደራቁሽ ከሆነ የዩኒቨርሲቲሽ የተማሪዎች ክሊኒክ ወይም የምክር አገልግሎት ጋ ሳታፍሪ ሂጂ።

የቀረው የጓደኛሽ ሐሳብ ነው። በግል ተፈታኝነት እንደገና መፈተን ውጤት ያሻሻለላቸው ልጆች አሉ፤ አልክድም። አንቺ ግን የወደቅሽው በ12ኛ ክፍል ፈተና አይደለም። 481 ይዘሽ ገብተሻል፤ ያነሰሽ የፍሬሽማን ነጥብ ነው። እንደገና ብትፈተኚና 510 ብታመጪ ተመልሰሽ የምትገቢው ያው ፍሬሽማን ውስጥ ነው፣ ከአዳዲስ ልጆች ጋር፣ ለያው ሜዲስን። አንድ ዓመት ሰጥተሽ የምትገዢው ሁለተኛ ዙር ፉክክር ነው። እኔ አልመክርሽም። ካልሆነልሽ፣ ልብሽ እምቢ ካለ፣ ቢያንስ አንዱን ሴሚስተር ተምረሽ ጨርሺና ያኔ ወስኚ፤ ተመዝግቦ የሚማር ሰው እንደገና ለመፈተን ይፈቀድለት እንደሆነም ለምዝገባ ስትሄጂ በዚያው ሬጅስትራሩን ጠይቂ።